የሞርዌና ግራ መንኮራኩር

ዱጋልድ ኬርንስን ከግራው መንኮራኩር ውስጥ ለቅመው ለማውጣት አራት ሰዎች እስከ እኩለ ቀን ለፉ። ከአራቱ አንዱ ሁለት ጊዜ አስታወከ። የፖርት ሮያል አሞሮችም የማንንም ፈቃድ አይጠይቁምና ምሰሶው ላይ ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር።

የንግሥቲቱ የጦር መርከብ ሞርዌና፣ በሁለት ጎኗ ቤት ቤት የሚያካክሉ መንኮራኩሮች አንጠልጥላ በእንፋሎት የምትሄድ አሮጊት ነበረች። አሥራ አምስት ዓመት አገልግላለች። በጥቁር ባሕር ጦርነት መድፍ ተሸክማለች፣ በኮሌራ ያለቁ ወታደሮችን አመላልሳለች፣ በመጨረሻም ሦስት ዓመት ሙሉ በኩባ ዙሪያ የባሪያ ነጋዴዎችን መርከብ ስታሳድድ ኖራለች። አሁን ወደ እንግሊዝ ተመልሳ ልትፈረስ ነው። ከመሄዷ በፊት ግን የኪንግስተን ጸሎት ቤቶች ለእሁድ የምስጋና ግብዣ አዘጋጅተውላት ነበር፤ ለዚሁ ክብር ሲባል ከዳር እስከ ዳር ነጭ ቀለም ተቀብታለች። ከላይ ነጭ፣ ከታች ጥንብ።

ኬርንስ የመርከቢቱ ዋና መሐንዲስ ነበር። ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሞተሩ ሲሞከር መንኮራኩሩ ሁለት ጊዜ ዞሮ ቀጥ አለ፤ ሲከፍቱት እሱ እዚያ ውስጥ ተገኘ። ሞተሩን ያስነሳው ኬሌብ ኖክስ የተባለ እሳት አንዳጅ ነው። ኖክስ ከኬርንስ ጋር በዋዜማው ሲጨቃጨቅ ተሰምቷልና ወዲያው እግር ብረት አስገቡት። ቅዳሜ የጦር ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ከተፈረደበት ይሰቀላል። ሐሙስና ቅዳሜን የሚለያያቸው አንድ ዓርብ ብቻ ነው።

ወደቡ ውስጥ የሞተ ሰው ያለ አስከሬን መርማሪው ፊርማ አይቀበርም። መርማሪያችን ጆሳያ ሄንሪከስ ይባላል። አባቱ ነጋዴ፣ እናቱ በልጅነቷ በሰንሰለት የመጣች ሴት ናት። ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ከሰው ይልቅ እቃን የሚያምን ሰው ነበር። ዓርብ ጠዋት ወደ መርከቢቱ ያደረሰችው ሚስ ፊቢ ናት፤ በጀልባዋ ፍራፍሬ እያዞረች ለመርከበኞች የምትሸጥ ሴት።

«በቀኝ በኩል ነው የማስጠጋልዎት» አለችው። «በግራ አይሞከርም።»

«ለምን? በግራ ምን አለ?»

«የአለቆቹ ሽንት ቤት ነዋ። ከግራው መንኮራኩር ጀርባ ተለጥፎ ነው ያለው። ሁሉም ነገር መንኮራኩሩ ላይ ይወርዳል፣ መንኮራኩሩ ወደ ባሕር ያጥበዋል። አንዴ አዲስ መጥቼ፣ ሙሉ ቅርጫት ማንጎ ይዤ እዚያ ሥር ቆሜ...»

«ተይው፣ ገብቶኛል።»

«እኔም የዚያን ቀን ነው የገባኝ» አለች ፊቢ።

ካፒቴን ትሬፍሪ የግንባሩን ላብ እየጠረገ ተቀበለው፤ ፊቱ ቀይ፣ ድምፁ ትልቅ፣ ሐሳቡ ግብዣው ላይ ያለ ሰው። አጠገቡ ምክትሉ ሌተናንት ኤድመንድ ፔንሮዝ ቆሟል። ፔንሮዝ ከሸራ መርከቦች ከመጣ ገና መንፈቁ ነው፤ ጓንቱ ነጭ፣ ጫማው መስታወት።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ፔንሮዝ። «ኬርንስ ንጋት ላይ ገብቶ ብሎን እንደሚያጠብቅ ነግሮኝ ነበር። ጨርሶ የወጣ መስሎኝ ሞተሩ በሰዓቱ እንዲሞከር አዘዝኩ። ያ አውሬ ግን ሰውየው ውስጥ እንዳለ ያውቃል። ከታች ሆኖ ሞተሩን አስነሳው።»

«ሞተሩ ሁልጊዜ ሐሙስ በሦስት ሰዓት ነው የሚሞከረው?»

«ሁልጊዜ» አለ ካፒቴኑ። «የእኔ ትእዛዝ ነው፤ መርከቡ ላይ የማያውቀው የለም። ደግሞ መንኮራኩር ውስጥ መግባት ቀልድ እንዳይመስልዎት፣ ሚስተር ሄንሪከስ። እኔ ራሴ በጥቁር ባሕር ገብቻለሁ። ገመድ ተጠምጥሞበት፣ ጥይት እየዘነበ፣ መጥረቢያ በእጄ፣ የሞተሩ ዘንግ በቀበቶዬ...»

«ካፒቴን፣ እንግዳችን ይህን እሁድ በግብዣው ላይ ይሰሙታል» አለ ፔንሮዝ ፈገግ ብሎ።

«ኬርንስ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለ ሄንሪከስ።

«ዘይት ዘይት የሚሸት» አለ ፔንሮዝ።

ይህ ነው እንግዲህ ለሃያ ዓመት አገልግሎት የተሰጠው ምስክርነት።

ሄንሪከስ ሬሳው ወዳለበት ወረደ። የመርከቢቱ ሐኪም ዶክተር ጊልክሪስት ሸራውን ገለጠለት። ምን እንዳየ አልዘረዝርም። ሄንሪከስ ግማሽ ሎሚ ከኪሱ አውጥቶ አፍንጫው ሥር ያዘ።

«ደሙ የት አለ?» አለ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ ሐኪሙ። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። «ሕያው ሰው እንደዚህ ሲፈጭ አካባቢውን ደም ያለብሰዋል። ከዚህ ግን ጠብ አላለም። ከጆሮው ኋላ ደግሞ መንኮራኩሩ የማያደርሰው ስብራት አለ፤ በድንጋይ ወይም በብረት የተመታ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ከሞተ ሁለት ሰዓት ያህል ሆኖታል።»

«ለካፒቴኑ ነግረዋቸዋል?»

«ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። ምሳ ላይ ነበሩ፤ ወረቀቱን ሳህኑ ሥር አደረጉት።»

«ጃኬቱ ላይ ያለው ምንድን ነው? ዘይት?»

«ሚስተር ሄንሪከስ፣ አፍንጫ አለዎት።»

ሄንሪከስ ሎሚውን ከአፍንጫው አራቅ አድርጎ አሸተተ፤ ወዲያው መልሶ አስጠጋው። የሟቹ ኮሌታና ጀርባ በሰው እዳሪ ተለውሷል።

«የአለቆቹ ሽንት ቤት ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሦስት። የካፒቴኑ፣ የሌተናንቱና የእኔ። መሐንዲሶች እዚያ አይገቡም፤ ከእኛ ጋር መቀመጥ አይፈቀድላቸውም።»

«እርስዎ ሞተር ክፍል ወርደው ያውቃሉ?»

«እንዴት አልወርድም? እጅ የሚቆረጠው እዚያ ነው። አምና አንዱ ክንዱ መንኮራኩሩ ውስጥ ተይዞ እዚያው ተጋድሜ ቆረጥኩለት። የሞተሩን ዘንግ አምጥተው አሳቀፉኝ፤ ካልያዝኩ ማንም አያስገባኝም አሉ። ከዚያ ወዲህ በደንብ አልተኛም።»

ሄንሪከስ ከዚያ ተነስቶ መንኮራኩሩን ወደሸፈነው ትልቅ የእንጨት ቤት ሄደ። ለጥገና የሚገባ ሰው የሚያልፍባት አንዲት የብረት በር አለች፤ በሁለት መቀርቀሪያ ትዘጋለች። ሬሳውን ያወጡት ሰዎች ግን በሯን ትተው ሳንቃውን ከላይ ገንጥለው ነበር የገቡት። ሄንሪከስ ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ቧጠጠ። ነጩ ቀለም በመቀርቀሪያውና በበሩ ላይ እንደ ስልባቦት ሳይሰነጠቅ ተዘርግቷል። አጠገቡ ድስት የሚያጥበውን ወጥ ቤት ጠራው።

«ይህ መቼ ተቀባ?»

«ማክሰኞ ጌታዬ። ለግብዣው። ካፒቴኑ ራሳቸው በጣታቸው ፈትነውታል።»

ቀጥሎ ሽንት ቤቱ ውስጥ ገባ፤ ቁልፉን ሐኪሙ ነበር የሰጠው። መቀመጫው አንድ ወጥ ሳንቃ ነው፤ ለማጽዳት ሲፈለግ እንደ ሳጥን ክዳን ይነሳል። ሲያነሳው ሥሩ ያለው ጉድጓድ ሰው ያሳልፋል። ከታች የመንኮራኩሩ የእንጨት መቅዘፊያዎች ይታያሉ። ዝንቡ ፊቱን መታው። ሄንሪከስ ክዳኑን መልሶ ሎሚውን ወደ ባሕር ወረወረው፤ ከእንግዲህ አይረዳውም።

ኬሌብ ኖክስ መልሕቅ ሰንሰለቱ በሚከማችበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ያቆረ ውሃ ላይ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት አይሆነውም። ክንዱ በሙሉ የቃጠሎ ጠባሳ ነው።

«ኬርንስን ትጠላው ነበር?» አለው ሄንሪከስ።

«ማንበብ ያስተማረኝ ሰው ነው ጌታዬ።»

«ሐሙስ የሆነውን ንገረኝ።»

«ሞክር ተባልኩ፣ ሞከርኩ። ዘንጉ ቦታው ላይ ነበረ።»

«የቱ ዘንግ?»

ኖክስ ሰውየው ሊቀልድ ነው ወይ ብሎ አየው። «ማስነሻው ነዋ። ብረት ነው፣ እጄን ያህላል፣ ከማሽኑ ተነቅሎ ይወጣል። መንኮራኩር የሚገባ ሰው ነቅሎ በቀበቶው ሽጦ ነው የሚገባው። እሱ እጅ ካለ ማሽኑን ጳጳስ ቢመጣ አያስነሳውም። ዘንጉ ቦታው ላይ ከሆነ ውስጥ ሰው የለም ማለት ነው። በዚህ ነው የምንኖረው። ሌላ ደወል የለንም፣ ሌላ ጠባቂ የለንም።»

«ኬርንስ ረስቶት ቢገባስ?»

«ኬርንስ? ሱሪውን ረስቶ ይገባ ይሆናል።»

«ይህን ለአለቆችህ ነገርካቸው?»

«ልጀምር ስል ሌተናንቱ በጥፊ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ጠየቀኝ?»

«ረቡዕ በምን ተጣላችሁ?»

ሄንሪከስ ውሃው ላይ ጎንበስ ብሎ ተቀመጠ፤ ሱሪው ራሰ።

«ነገ ጠዋት ይፈርዱብሃል» አለው። «እኔ ዛሬ ካልሰማሁ ነገ የምሰማው አይጠቅምህም።»

«እሁድ ግብዣው መሃል ተነስቶ ሊናገር ነበር» አለ ኖክስ። «ተው፣ ይጨርሱሃል አልኩት። ጮህኩበት። እሱ ግን አስቀድሜ አለቆቹን አስጠነቅቃለሁ አለኝ። ደግ ሰው ስለነበረ፣ ሰው ተጸጽቶ ራሱ ይናገራል ብሎ ያምናል።»

«ምኑን ነው የሚናገሩት?»

«የፋሲካ ሰሞን አንድ የባሪያ መርከብ አሳደድን። ልንደርስባቸው ስንል ሰዎቹን ወደ ባሕር መወርወር ጀመሩ፣ ቆመን እንድናነሳቸውና እነሱ እንዲያመልጡ። እኛ ከታች ሆነን ምንም አናይም። በቱቦ ድምፅ ብቻ ነው የሚወርድልን፤ የማን እንደሆነም አይለይም። ወደ ፊት፣ በሙሉ ኃይል አለን። መንኮራኩሩ ተንገጫገጨ። ተንሳፋፊ እንጨት መስሎኝ ነበር። ሲመሽ ኬርንስ ሊያጸዳው ገባ። ሲወጣ አላወራም። ከብሎኖቹ የለቀመውን በቆርቆሮ አድርጎ የማሽኑ ስብ ያለበት በርሜል ውስጥ ቀበረው።»

ሄንሪከስ ሞተር ክፍል ወርዶ እጁን እስከ ክርኑ ስቡ ውስጥ ከተተ። ቆርቆሮው ውስጥ ሰማያዊ ዶቃዎች፣ ከጠጉር ጋር የተጠቀለለ ክር፣ አንዲት የመዳብ አምባር አሉ። አምባሯ ሁለት ጣት አታስገባም። ከፍቶ አየ፣ ዘጋው። ከዚያ የመርከቢቱን የጉዞ መዝገብ አስመጥቶ የዚያን ቀን ገጽ አነበበ። «በባሕሩ ላይ ማንም ሰው አልታየም» ይላል። ከሥሩ የካፒቴኑ፣ የሌተናንቱና የሐኪሙ ፊርማ አለ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በካፒቴኑ ክፍል ተሰበሰቡ። ካፒቴኑ ጨው ዓሣ እየበላ ነበር፤ የሚገርመኝ ሆዱ ነው። ሐኪሙ መስኮቱ ጋ፣ ፔንሮዝ እግሩን አጣምሮ ወንበር ላይ፣ ኖክስ ከነብረቱ በሩ አጠገብ። ፔንሮዝ ኖክስን ሲያይ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አደረገ።

«ሌተናንት፣ እኔ የየብስ ሰው ነኝ» አለ ሄንሪከስ ቁጭ እያለ። «አንድ ነገር ያስረዱኝ። ኬርንስ መንኮራኩሩ ውስጥ ሳለ ማስነሻው ዘንግ የት ነበር?»

«ቦታው ላይ ነዋ፣ ከታች። ያለዚያ ይህ አውሬ ምኑን ጎተተ?»

ካፒቴኑ ሹካውን አስቀመጠ። ሐኪሙ ወደ ወለሉ አየ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ፔንሮዝም ምን እንዳለ አላወቀም ነበር።

«ምን ሆናችኋል?» አለ።

«ቀስ ብዬ ላስረዳ» አለ ሄንሪከስ። «ኬርንስ በበሩ አልገባም። ማክሰኞ የተቀባው ቀለም መቀርቀሪያው ላይ እንዳለ ነው። ሊሠራም አልገባም፤ ቢገባ ዘንጉ ቀበቶው ላይ ይሆን ነበር፣ ሞተሩም አይነሳም ነበር። ሞተሩ ተነስቷል። ስለዚህ ሰውየው ሞቶ ነው የተጣለው። ከየት? ጃኬቱን ያሸተተ ያውቃል። በሽንት ቤታችሁ በኩል። ቁልፉ ሦስት ነው፤ ሦስቱም ሰዎች እዚህ አሉ።»

«የእኔን ስም ከዚህ ጋር...» አለ ካፒቴኑ እየቀላ።

«የሦስታችሁም ስም ከዚህ ጋር ነው።» ሄንሪከስ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከዓሣው ሳህን አጠገብ ከፍቶ አስቀመጠው። «ማንም አልታየም ብላችሁ ፈርማችኋል። ይህ ከመንኮራኩራችሁ ብሎን ላይ የተለቀመ ነው። ኬርንስ እሁድ ሊያሳየው ነበር። ሦስታችሁም እሱን ዝም ለማሰኘት ምክንያት ነበራችሁ።»

ካፒቴኑ አምባሯን አይቶ ሳህኑን ገፋ አደረገ።

«አሁን ገዳዩን እናስበው። የሬሳውን ራስ ስብራት መንኮራኩሩ እንዲደብቅለት ይፈልጋል። በሦስት ሰዓት ሞተሩ እንደሚነሳ ያውቃል። ግን አንድ ነገር አያውቅም፤ ዘንጉ ሳይነቀል መንኮራኩር ውስጥ የተገኘ ሬሳ፣ ለከታች ሰዎች ሁሉ ሌላ ሰው ጣለኝ ብሎ እንደሚመሰክር። ኖክስ ቢገድል ኖሮ ከዓለም ላይ ይህን ቦታ አይመርጥም። ዶክተሩም አይመርጡም፤ አምና ዘንጉን አቅፈው ክንድ ቆርጠዋል። ካፒቴኑም አይመርጡም፤ በጥቁር ባሕር ዘንጉን በቀበቷቸው ሽጠው እንደገቡ ሳይጠየቁ ለሁሉ ይናገራሉ። እርስዎም፣ ሌተናንት፣ በየእራቱ ሰምተውታል። ግን አላዳመጡም። ሞተር ክፍል ስንት ጊዜ ወርደዋል?»

ፔንሮዝ ጓንቱን አየ። «እዚያ የእኔ ቦታ አይደለም።»

«አዎ። ስለዚህ ነው የተያዙት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አድርገው፣ እከኩ ግን እጅዎ ላይ ቀረ።»

«ይህ ሁሉ ስለ እነዚያ ሰዎች ነው?» አለ ፔንሮዝ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ የተሰላቸ ሰው ድምፅ ነበር። «ማዘዣው ሰገነት ላይ ሆኜ በቱቦው ያዘዝኩት እኔ ነበርኩ፣ አዎ። ብቆም ኖሮ መርከቡ ያመልጥ ነበር፤ ውስጡ ያሉት ሁለት መቶ ሰዎችም ተሽጠው ይቀሩ ነበር። ለኬርንስም ይህንኑ አስረድቼዋለሁ። ሽንት ቤቱ ጋ ለብቻችን እናውራ አልኩት፤ እሱ ግን የዚያችን አምባር ነገር ብቻ ይደጋግምልኛል።»

«ዶክተር» አለ ሄንሪከስ፣ «መርከቡን ስትይዙት ውስጡ ስንት ሰው ነበር?»

ሐኪሙ ከመስኮቱ ሳይዞር መለሰ። «አሥራ ዘጠኝ። የቀሩት ባሕሩ ላይ ነበሩ። በመንኮራኩሩ ሄድንባቸው። እኔም ፈረምኩ።»

ፔንሮዝን ሁለት ወታደሮች ወሰዱት። በሩን ሲያልፍ ከኖክስ ልብስ ጋር እንዳይነካካ ጎኑን ሰበሰበ።

ካፒቴኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሚስተር ሄንሪከስ፣ እርስዎ አስተዋይ ሰው ነዎት። ሌተናንቱ ይከሰሳል፤ አልከራከርም። ግን ቆርቆሮው... መርከቢቱ አሥራ አምስት ዓመት አገልግላለች። ሰዎቹ ለእሁድ መዝሙር ሁሉ አጥንተዋል። ከእሁድ በኋላ ቢሆንስ?»

«እሁድ መዝሙሩ ሳይጀመር እኔ ተነስቼ እናገራለሁ» አለ ሄንሪከስ። «ከዚያ መዘመር ከፈለጉ ይዘምሩ። እርስዎ የዘንጉን ወግ እያወቁ ይህን ሰው ለገመድ አዘጋጅተውት ነበር፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚያድነው። ብረቱን ያውልቁለት።»

ብረቱ ወለቀ። ካፒቴኑ ወደ ኖክስ ሳያይ፣ «ወደ ሥራህ ተመለስ» አለ። ይቅርታ የሚባል ነገር በዚያ ክፍል አልተሰማም።

ኖክስ ግን አልሄደም። ቁርጭምጭሚቱን እያሻሸ ወደ ሐኪሙ ዞረ።

«ዶክተር፣ እኔ ዘንጉን ስጎትት ሞቶ ነበር?»

«ሞቶ ነበር። ምንም አልተሰማውም። አንተ አልገደልከውም፣ ኬሌብ።»

ኖክስ ራሱን ነቀነቀ። ትከሻው ወረደ፤ ከሐሙስ ጀምሮ ይዞት የቆየውን ትንፋሽ ለቀቀው። ከዚያ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ሄደ።

«የፋሲካውም ቀን ዘንጉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ» አለ። «እነሱስ ሞተው ነበር?»

ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ዞረ። ካፒቴኑ ሳህኑን ያይ ነበር። ሄንሪከስ ተነስቶ ኖክስ ፊት ለፊት ቆመ፤ ከጠዋት ጀምሮ በመርከቢቱ ላይ እውነቱን ሁሉ የነገረው ይህ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ውሸት ሊመልስለት አልቻለም።

«በሕይወት ነበሩ፣ ልጄ» አለው።